አራት ዓመት የተከራየሁት ሱቅ፦ ከአምስት ሁለት ኮከብ

ይህን ግምገማ ለመጻፍ ስድስት ወር ጠበቅኩ። ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነው። ሙሉ በሙሉ ባይበርድም አሁን ሳልሳደብ መጻፍ እችላለሁ። የምገመግመው ምግብ ቤት ወይም ስልክ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ጁስ ቤት ከፍቼ አራት ዓመት የሠራሁበትን ሱቅ፣ ሱቁ ያለበትን ፎቅና አከራዬን ነው። የፎቁን ስም አልጠራም፣ የባለቤቱንም አልጠራም። እንዲህ ያለ ፎቅ እዚህ ከተማ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ንጹሕ ይመስላሉ።

ከጥሩው ልጀምር። ቦታው አንደኛ ነበር። ከጣና ዳር በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ፀሐይ ሲበርድ ሰው አየር ሊቀበል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ ሲወርድም ሲመለስም በኔ በር ነው የሚያልፈው። ተማሪ አለ፣ ባጃጅ በር ላይ ይቆማል። ፊት ለፊት ዘንባባ አለ፤ ጥላው ከ8 ሰዓት ጀምሮ በሬ ላይ ያርፋል። ይኼ ቀላል ነገር የሚመስለው በግንቦት ሙቀት ፓፓያ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ጥበቃው ደግሞ ለብቻቸው አምስት ኮከብ ይገባቸዋል። ሌሊት መብራት ሲሄድ ስልኬ ይጮኻል፤ «ልጄ፣ ፍሪጅሽ ጠፍቷል» ይሉኛል። ከሌሊቱ በ9 ሰዓት! ማንም አላዘዛቸውም። ከፎቁ ሁሉ የናፈቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ።

ሱቁን የያዝኩት መስከረም 2013 ነው። ደላላው ኪራዩ 9 ሺህ ነው አለኝ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። ባለቤቱ ደህና ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢ፣ ረጋ ያለ አነጋገር፣ «ልጄ» እያሉ የሚያወሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አሁንም ጋሼ ነው የምላቸው፣ አፌ ለምዶታል። ልንፈራረም ቁጭ ስንል ከካኪ ፖስታ ውስጥ የተተየበ ውል አወጡ። ኪራይ የሚለው ቦታ ላይ 4 ሺህ ብር ይላል። የተሳሳቱ መስሎኝ «ጋሼ፣ 9 አይደል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። «ይኼ ለሰነድ ማረጋገጫ ነው። እኔና አንቺ የምንግባባው 9 ነው። በእኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

የማያውቅ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ ለ በሚባለው ነው የሚሰላው፤ ገቢው ከፍ ሲል እስከ 35 ከመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ውሉ ላይ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል፣ ልዩነቱ በእጅ ይከፈላል። ሁሉም ያውቀዋል። ደላላው ያውቀዋል፣ ምስክር ሆኖ የፈረመው ሰውዬ ያውቀዋል፣ እኔም አወቅኩ። ፈረምኩም። ማንም አላስገደደኝም። እምቢ ብል ሱቁን ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ዘንባባው ደግሞ ገና ሳየው ልቤን ወስዶታል።

የመጀመሪያውን ቅጣት የቀመስኩት ያኔውኑ በግብር ሰሞን ነው። ወጪ ብዬ ማስመዝገብ የምችለው ውሉ ላይ ያለውን 4 ሺህ ብቻ ሆነ። በየወሩ ከኪሴ የወጣው 5 ሺህ በመዝገቤ ላይ የለም። ያላየሁትን ትርፍ አተረፈች ተብዬ ግብር ከፈልኩበት። ማለትም የጋሼን ግብር ከፊሉን እኔ ነበርኩ የምከፍለው። ይኼን ያስተዋልኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፣ እሱንም አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ደንበኛዬ ስፕሪሷን እየጠጣች ስታስረዳኝ።

ሱቁ ባዶ ግድግዳ ነበር። ሴራሚክ አስነጠፍኩ፣ ኮርኒስ አሠራሁ፣ የመስተዋት በር፣ ባንኮኒ፣ ሁለት ማጠቢያ፣ መደርደሪያ። 140 ሺህ ብር ገደማ ወጣብኝ፤ ግማሹ ከእቁብ፣ ግማሹ ከእናቴ። ስለዚህ ሁሉ ሥራ ውሉ ላይ አንዲት ቃል የለችም። ስወጣ የቱን ነው የምነቅለው፣ የቱ ነው የሚቀረው፣ ማንም አልጠየቀም። እኔማ ምን ብዬ ልጠይቅ፤ ገና ስገባ ስለ መውጣት ማውራት ሟርት መሰለኝ።

አሁን ቆጣሪው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጠባችን የተጀመረው ከኪራዩ ሳይሆን ከቆጣሪው ነው።

ፎቁ ምድር ቤት ላይ ስድስት ሱቅ አለው። ቆጣሪው አንድ ነው። ጋሼ በየወሩ በግምት ያስከፍሉናል። እኔ ፍሪጅና መፍጫ ስላለኝ 3,500 ብር። ፀጉር ቤቱ ከኔ ያነሰ፣ ቡቲኩ ደግሞ ከሱም ያነሰ። ቢሉ ስንት እንደመጣ ማንም አይቶት አያውቅም። ስንጠይቅ «በዛ፣ በዛ፣ አትጠይቁኝ» ይላሉ፣ እኛን የሚያዝኑልን መስለው።

አንድ ቀን ጥበቃው ቆሎ ይዘው መጡ። ሁሌም እንደሚያደርጉት ዘገን አድርጊ አሉኝ። ቆሎው የተጠቀለለበት ወረቀት የመብራት ቢል ነው። የቆየ፣ የተጨማደደ፣ በቅባት የወዛ፣ ግን የደንበኛ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆሎውን በእጄ ላይ አራግፌ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ስልኬን አውጥቼ ቴሌብር ላይ ቁጥሩን አስገባሁ። የዚያ ወር ሒሳብ መጣ፤ 7,460 ብር። ፀጉር ቤቱን ጠራሁት። እየዞርን ሁሉንም ጠየቅንና በእስክሪብቶ በካርቶን ላይ ደመርን። ከስድስታችን የተሰበሰበው 13,200 ብር ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ «ግማሽ ነው እኮ» አለ። ደንበኛው ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ ወንበሩ ላይ እየጠበቀው ነው።

ጋሼን ስንጠይቃቸው አልደነገጡም። «የጀነሬተሩ ናፍጣስ? የውሃ ፓምፑስ? የደረጃው መብራትስ? በጸሎት ነው የሚበራው?» አሉን። እውነቱን ለመናገር ከፊሉ ልክ ናቸው። ጀነሬተር ነበር፣ ናፍጣ ይጠጣል፣ የጋራ መብራትም አለ። ግን ያን ጻፉና አሳዩን ነው ያልነው፤ ወረቀት ላይ ይቀመጥ፣ እንካፈለው። ይኼን ስንል ነው የተቆጡት። ለብቻዬ ቆጣሪ ላስገባ ብዬ ደግሞ የቤቱን ካርታ ኮፒና የፈቃድ ደብዳቤ ለመንኳቸው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከፋሲካ በኋላ። እስክወጣ ድረስ አልሰጡኝም።

ፍትሐዊ ልሁን። በ2015 መጨረሻ ከተማዋ ስትታመስ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ሱቅ ዘግተን ቤት ስንቀመጥ የነሐሴን ኪራይ ትተውልኛል። አልለመንኳቸውም። ራሳቸው ደውለው «የዚህን ወር ተይው፣ እግዜር ያውቃል» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ቱሪስቱ ጠፍቶ፣ ማታ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰው ሲቀንስ ሁለት ጊዜ ኪራይ አዘግይቼባቸው አልጮኹም። ይኼን ሳልጽፍ ሌላውን ብቻ ብጽፍ በደል ነው። ሁለተኛዋን ኮከብ የሰጠኋቸው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያዋ የዘንባባው ናት።

ጭማሪው በየዓመቱ አለ። ከ9 ወደ 11፣ ከ11 ወደ 14። ይኼን ተቀብዬ ነበር፣ ሁሉም ነገር ይጨምር ስለነበር። ታዲያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ። ዶላር ተተኮሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አቮካዶ ቀዳሁላቸው፣ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉና «ከመስከረም ጀምሮ 25 ነው» አሉኝ።

«25 ምን?»

«ሺህ ነዋ። ዶላር ጨምሯል፣ ልጄ።»

ፎቁ የተሠራው ዶላር በ18 ብር ሳለ ነው። ብሎኬቱ አልጨመረም፣ ሲሚንቶው ከደረቀ ስንት ዓመቱ። ይኼን አልኳቸው። እሳቸው ግን የኑሮው ውድነት በእሳቸው ቤትም እንደገባ፣ ልጃቸው ኮሌጅ እንደሚከፍል፣ ጎረቤት ያለው ፎቅ 30 እንደተባለ ነገሩኝ። እሱም ውሸት አይደለም። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ችግሩ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሞኝነት ልናገር፣ ብዙ ነጋዴ ስለሚሳሳተው። በዚያው ዓመት የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ መውጣቱን ሰምቻለሁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ አከራይ እንደፈለገ አይጨምርም ይላል። ስልኬ ላይ አውርጄ ጋሼ ቤት ድረስ ሄድኩ። ገና ቁጭ ሳልል «ሕግ አለ፣ ጋሼ!» ብዬ ስልኩን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ርዕሱን ብቻ አነበቡና መለሱልኝ። «የመኖሪያ ቤት ይላል እኮ። አንቺ ሱቁ ውስጥ ታድሪያለሽ እንዴ?»

ልክ ነበሩ። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይነካም። የንግድ ቤት ኪራይ ዛሬም የሚመራው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋውን ለሁለቱ ስምምነት ይተወዋል። ውላችሁ ላይ ስለ ጭማሪ ካልተጻፈ ጭማሪው የአከራዩ ሆድ እንዳለው ነው። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

18 ሺህ ልክፈል አልኳቸው። እምቢ አሉ። መስከረም ሲገባ በቆየው ዋጋ 14 ሺህ ይዤ ሄድኩ። «ሙሉውን ካላመጣሽ አልቀበልም።» ጥቅምትም እንዲሁ። ኅዳርም። ብሩን ይዤ እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ሰጥተውኝ አያውቁም፣ ሁሌ በእጅ ነበር። አከራይ አልቀበልም ሲል ገንዘቡን ፍርድ ቤት ማስቀመጥ እንደሚቻል ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ ያለኝ መላ ብሩን በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም ፍራፍሬ ሲወደድ እየነካሁት።

ኅዳር 12 ሐሙስ ዋለ። ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ሱቄ ደረስኩ። ኅዳር ሲታጠን ታውቁታላችሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፣ መንገዱ በጭስ ይሸፈናል። አያቴ የበሽታውን ዘመን ለመሸኘት ነው የሚታጠነው ትል ነበር። በጭሱ ውስጥ አይኔን እያሸሁ ቁልፌን አውጥቼ ወደ በሩ ጎንበስ አልኩ። የብረት በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አንዱ የኔ ነው፣ ያረጀው። ሌላው አዲስ፣ ቢጫ፣ የፋብሪካው ዘይት ገና ያልጠፋለት።

የራሴን ቁልፍ ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ከፍቼ በእጄ ይዤው ቆምኩ። በሩ ንቅንቅ አይልም። ብሬከሩንም አጥፍተውታል፤ የፍሪጁ ድምፅ የለም። ውስጥ 38 ኪሎ አቮካዶ፣ ሁለት ሣጥን ፓፓያና አንድ ከረጢት ሎሚ ነበረኝ። ጥበቃው ራቅ ብለው መሬት መሬት ያያሉ። «አዘዙኝ ልጄ፣ ምን ላድርግ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ጣቢያ ሄድኩ፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ ተባልኩ። ጠበቃ የሆነ የአክስቴ ልጅ ጋር ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ውልሽስ?» የሚል ነበር። ውሌ የ4 ሺህ ነው፣ ለአንድ ዓመት ነው፣ ያለቀውም መስከረም 2014 ነው። «ደረሰኝስ?» የለኝም። ደብተር አለኝ፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ይኼን ክፍል ያለ ቀልድ አንብቡት። የውል ዘመን አልቆ አከራዩ እያወቀ ከቀጠልሽ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አለአግባብ የተቀመጥሽ አይደለሽም፣ ግን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያስወጣሽ ይችላል። ሊያስወጣሽ ይችላል ማለት ግን ራሱ ቁልፍ ያንጠለጥላል ማለት አይደለም። በይዞታሽ ካለ ነገር ላይ በጉልበት ያነሳሽን ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብለሽ ትከሺዋለሽ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149፤ ሁለት ዓመት ሳያልፍ ነው ታዲያ። ደረሰኝ ደግሞ፣ አለኝ፣ የየወሩን ሁሉ ባትይዢ እንኳ የመጨረሻውን ወር ብትይዢ የፊተኞቹ እንደተከፈሉ ይገመትልሽ ነበር። አንዲት ወረቀት! በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ወረቀት አልጠየቅኩም።

ቀጥሎ ያለኝ ግን አሳቀኝ፣ እያለቀስኩም ቢሆን። «እሳቸውስ በምን ይከሱሻል? በወር 25 ሺህ ወይም 14 ሺህ አለባት ብለው ክስ ሊጽፉ ነው? በፊርማቸው ያለው 4 ሺህ ነው። 14 ነው ካሉ ለግብር ሰብሳቢው ራሳቸው መሰከሩ።» ያ እኔን ያሰረኝ ወረቀት እሳቸውንም ጠፍንጎ ይዟቸዋል። ሁለታችንም ዳኛ ፊት ቀርበን እውነቱን መናገር የማንችል ሰዎች ሆንን።

እግረ መንገዴን አንድ አገልግሎት ልገምግም። ፍርድ ቤት አካባቢ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች፣ አምስት ከአምስት። 500 ብር ከፈልኩ። ሰውየው የስልኬን ፎቶ አየ፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ገጽ ተኩል አወጣ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ እያለቀስኩ የማወራውን «ተከሳሽ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በከሳሽ ይዞታ ላይ ሁከት ስለፈጠረ» በሚል አንድ መስመር ጨረሰው። ያልገባኝ አጻጻፍ ነበረው፣ ግን ሳነበው ወገቤ ቀና አለ።

ማመልከቻውን አላስገባሁትም። ዓርብ ማታ እናቴ መጣች። ወረቀቱን አነበበችና «ይኼን ይዘሽ ጠብቂ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ» አለችኝ። ሳይነግሯት የጋሼን ንስሐ አባት ታውቃቸዋለች። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ሆናለች የሚል ሰው እናቴን አያውቃትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። ንስሐ አባታቸው፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እናቴ፣ እኔ። ቡና ተፈላ። አቦሉ እስኪጠጣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር የሚወራው፣ እኔ በሆዴ አቮካዶ እቆጥራለሁ። ከዚያ እናቴ ጀመረች። «አንቱ፣ ልጄን በልጅዎ ቦታ አድርገው ይዩልኝ እንጂ። በሯ ላይ ቁልፍ?» ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። የኪራዩን ጉዳይ ሲያነሱ ቄሱ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። እኔ 14 አልኩ፣ ጋሼ 25 አሉ። መምህሩ ውሉን ተቀብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ 4 ነው የሚለው።»

ቤቱ ጭጭ አለ። የሲኒው ድምፅ ብቻ።

ቄሱ ሁለታችንንም አዩን። «እንግዲህ እዚህ ወረቀት ላይ የዋሻችሁት ሁለታችሁም ናችሁ። ቁጥሩን ተዉትና ቤቱን እንነጋገር» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓትም አልፈጀ። ቁልፉ ዛሬውኑ ይከፈት። የሦስት ወር ኪራይ በቆየው በ14 ይታሰብ፣ 42 ሺህ። መጀመሪያ የሰጠሁት የሦስት ወር ቅድሚያ 27 ሺህ ይቀነስ፤ ጋሼ ረስተውት ነበር፣ እናቴ አልረሳችም። ቀሪ 15 ሺህ እሰጣለሁ። እስከ ጥር መጨረሻ በ14 ከፍዬ እወጣለሁ። ባንኮኒው፣ መስተዋቱ፣ መደርደሪያው የኔ ነው። ሴራሚኩና ኮርኒሱ ይቅር። ስለ መብራቱ ገንዘብ ማንም ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ስከፍት የተቀበለኝን ሽታ አልነግራችሁም። ፓፓያው ፈልቶ ሣጥኑን አልፎ ወለሉ ላይ ፈሷል፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ለጋሼ የሚቀረው ሴራሚክ ላይ። አቮካዶውን ተንበርክኬ ለቀምኩ። ከ38ቱ ኪሎ 9 ኪሎ ተረፈ።

አሁን ዓባይ ማዶ ነኝ። ሱቋ ትንሽ ናት፣ 12 ካሬ። ኪራይ 18 ሺህ። አከራዬ አንዲት ቆፍጣና ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ፣ ሳቅ የሚባል ነገር አያውቁም። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን «ገባ?» የሚል መልእክት ይልካሉ፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። ግን ውሉ ላይ 18 ነው የሚለው። በባንክ ነው የምከፍለው። ቆጣሪዬ የራሴ ነው። ሁለት ዓመት ነው፣ ጭማሪው በዓመት ስንት ከመቶ እንደማያልፍ ተጽፏል፣ ለመውጣትም ለማስወጣትም የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ እኔ የማስገባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ከፎቶ ጋር ተያይዟል። ዝርዝሩን ስጠይቃቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ስፈራ «እኔም ላሳይሽ ነበር» አሉኝ። አራት ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ ነው፣ ሮቶ መግዛት ነበረብኝ። ገበያውም መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። የድሮ ደንበኞቼ ግን ቀስ በቀስ በባጃጅ እየመጡ ነው። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ማዶ እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም፤ 380 ሜትር ነው፣ ማታ መብራቱን ለማየት በእግር የሚሻገር ሰው ስላለ ወደኔም ጎራ ይላል።

የድሮው ሱቅ እስከ ሰኔ ተዘግቶ ነበር። ጥበቃው ናቸው የነገሩኝ። በ25 ሺህ የሚገባ ጠፋ፣ አሁን በ17 የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ገብቷል። ቆሎ እያነሳን ነው ያወሩኝ፤ የቆሎውን ወረቀት ገልብጬ አየሁት፣ ባዶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ራሳቸው መጡ። ማዶ ለቅሶ ነበራቸው፣ ልጃቸው እየነዳ። የኔ ሱቅ መሆኑን ሳያውቁ ነው የገቡት መሰለኝ፤ ሲያዩኝ ትንሽ ቆም አሉ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ጤና ይስጥልኝ ተባባልን። እናቴን ጠየቁኝ። ስፕሪስ ሠራሁላቸው፣ አቮካዶውን ከበዛ አድርጌ፣ እንደሚወዱት። ሲጨርሱ ስንት ነው አሉ።

«120 ብር፣ ጋሼ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! 35 አልነበር እንዴ?»

«ዶላር ጨምሯል፣ ጋሼ።»

ልጃቸው ነው መጀመሪያ የሳቀው። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ሳቁ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው 120ውን ቆጥረው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠኋቸው።